ማድ ቤቱ ሳሎን ሲገባ
ግድግዳ ማፍረሱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ከፈረሰ በኋላ ያለው ሥራ ነው

ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመከራየት የሚዞር ሰው በፊት በፊት የሚጠይቀው የታወቀ ነበር። ስንት መኝታ ነው? ውሃ አለው? መኪና ያስገባል? ካርታው ንጹህ ነው? አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «ኪችኑ ክፍት ነው?»

ክፍት ኪችን ማለት ማብሰያው፣ የምግብ ጠረጴዛውና ሳሎኑ ያለ ግድግዳ የሚገናኙበት አሠራር ነው። እንግዳ የጋበዘ ሰው ድስቱን እያማሰለ ከእንግዳው ጋር ይጨዋወታል፤ እንግዳውም ብርጭቆውን ይዞ ጠረጴዛው ጥግ ይቆማል። አዳዲስ አፓርታማዎች ሲሠሩ ጀምሮ በዚህ መልክ መውጣት በመጀመራቸው፣ የቆየ ቪላ ወይም ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ቤቱ ከገበያው ወደ ኋላ የቀረ መስሎ ይታየዋል። መዶሻ የሚያስነሳውም ይኸው ስጋት ነው።

ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው ዓይን በሚስበው ላይ ማለትም በካቢኔቱ፣ በግራናይቱና በመብራቱ ላይ ሲሆን፣ ቤቱን የሚያስከብረው ግን ዓይን የማያየው ነው። ጭሱ በየት ይወጣል? ውሃው በየት ይወርዳል? ምጣዱ በየትኛው መስመር ይሠራል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተከፈተ ኪችን በፎቶግራፍ ያምራል፤ የገና ወይም የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ግን ባለቤቱን ያማርራል።

ጓዳ ለምን ከኋላ ሆነ?

በንጉሡ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የተሠሩትን የቆዩ ቪላዎች ያየ ሰው አሠላለፋቸውን ያውቀዋል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ኪችኑ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከእሷ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ፤ ከበሩ ማዶ ሰርቪስ ቤቱ ይገኛል። እንጀራ የሚጋገረው፣ ሽንኩርት የሚቁላላው፣ በርበሬ የሚደለዘው እዚያ ነው። የውስጧ ኪችን ሻይ ማፍያና ዕቃ ማስቀመጫ ከመሆን ብዙም አታልፍም ነበር።

ይህ አሠራር የጥንት ሰው ባለማወቁ የመጣ አይደለም። የእንጨትና የከሰል ጭስ፣ የምጣድ እንፋሎትና የወጥ ሽታ ከሳሎን እንዲርቅ ታስቦ የተደረገ ነው። በዚያ ላይ ጓዳ ገመና ነው፤ ያለውም የጎደለውም ከእንግዳ ዓይን እንዲሰወር ይፈለጋል። ስለዚህ ክፍት ኪችን የሚሠራ ሰው አንድ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የቆየ የቤት ሥርዓት ጭምር እያፈረሰ መሆኑን ልብ ማለት ይገባዋል። ግድግዳው ይሠራቸው የነበሩት ሥራዎች፣ ማለትም ሽታ መያዝ፣ ድምፅ ማፈንና ዝርክርክ መሸፈን፣ ግድግዳው ሲሄድ አብረው አይሄዱም። ሌላ ሠሪ ይፈልጋሉ።

በኮንዶሚኒየም ግቢዎችም ይህ ነገር አስቀድሞ ታስቦ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ሳይቶች ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ ይሠራ ነበር። ይህ የጋራ ቤት በየሳይቱ ለሌላ አገልግሎት ሲውል ምጣዱ ወደየቤቱ ገባ። በአነስተኛ ፎቅ ቤት ውስጥ ክፍት ኪችን የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበትም «ምጣዱ የት ይቀመጣል?» የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውን መለየት

ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በብረትና በኮንክሪት ምሰሶ ተይዞ በብሎኬት በተሞላ ሕንፃ ጭነቱን የሚሸከመው ምሰሶውና ቢሙ ስለሆነ የመሀሉ ባለ 10 ወይም ባለ 15 ብሎኬት በአብዛኛው ክፍል መለያ ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የአግሮስቶን ክፍልፋይም ያጋጥማል፤ እሱም ጭነት አይሸከምም። በድንጋይ በተገነባ የቆየ ቤት ግን ግድግዳው ራሱ ተሸካሚ ነው። በጭቃ ቤት ደግሞ ጣራውን የያዘው በምርጊቱ ውስጥ የተደበቀው እንጨት ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በጥቂቱም ቢሆን መክፈት ጣራውን ማናጋት ሊሆን ይችላል።

«ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ይፈርሳል» የሚለው የግንበኛ አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። ተሸካሚ ያልሆነ ግድግዳም ቢሆን በውስጡ የመብራት መስመር፣ የውሃ ቧንቧ ወይም ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ የፍሳሽ ቱቦ ይዞ ሊሆን ይችላል። በፎቅ ቤት ያ ቱቦ የአንድ ባለቤት አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለመዶሻ ሳይሆን ለመሐንዲስ ነው። ፕላኑን ይዞ ግድግዳውን፣ ሶሌታውንና ቢሙን የሚያይ ባለሙያ የሚጠይቀው ክፍያ ከሥራው ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በ3 ምድብ ከፍሎ የግንባታ ፈቃድን ሥርዓት አስይዟል። ቀደም ሲል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ በፎቅ ቤት ውስጥ የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቷል። ከነዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው የገዛው ክፍሎቹን እንጂ ምሰሶውን፣ ሶሌታውንና የውጭውን ግድግዳ አይደለም። ጭስ ማውጫ ቱቦ ለማሳለፍ የውጭውን ግድግዳ መብሳት እንኳ ማኅበሩን ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር ነው።

ለነጋዴና ለደላላ ነገሩ ከቅጣት በላይ ነው። ቤቱ በሚሸጥበት ወይም ለብድር ዋስትና በሚቀርብበት ቀን ገማቹ መጥቶ ቤቱን ከፕላኑ ጋር ያስተያያል። ፕላኑ ላይ ግድግዳ አለ፤ ቤቱ ውስጥ የለም። ያኔ ገዢው ዋጋ መቀነሻ ምክንያት ያገኛል፤ ሽያጩም ይጓተታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረዳና ክፍለ ከተማ ቀርቦ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ፣ የተሰጠውንም ወረቀት ከካርታው ጋር ማስቀመጥ ሽያጭ ሲመጣ ጥቅሙ ይታያል።

የሽንኩርቱ ነገር

ክፍት ኪችን የተለመደባቸው አገሮች ምግብ ቶሎ የሚጠበስ ወይም ምድጃ ውስጥ ገብቶ የሚበስል ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ግን ለሰዓታት ይቁላላል። በርበሬው ሲገባ ሽታው ከመጋረጃው፣ ከሶፋው ጨርቅና ከምንጣፉ ላይ ያርፋል፤ በማግስቱም አይለቅም። ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ኪችን እንግዳውን በሽታ የሚቀበል ከሆነ ዓላማው ከሸፈ ማለት ነው።

በገበያ ላይ የሚገኘው ጭስ መሳቢያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየሩን ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሁለተኛው አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሳል። ሁለተኛው ለመግጠም ይቀላል፤ ግድግዳም አያስበሳም። ነገር ግን እንፋሎቱን አያስወጣም፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ካልተለወጠ ሥራውን ያቆማል። ለቁሌት የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

አቅሙንም ማስላት ያስፈልጋል። የተለመደው መለኪያ መሳቢያው የክፍሉን አየር በሰዓት 10 ጊዜ ያህል እንዲለውጥ ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ዝግ ኪችን 33.6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በሰዓት 336 ሜትር ኩብ የሚስብ መሳቢያ ይበቃዋል። ይኸው ኪችን 30 ካሬ ሜትር ከሆነ ሳሎን ጋር ሲቀላቀል የሁለቱ አየር ወደ 118 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ የሚፈለገውም አቅም ወደ 1,180 ያድጋል። ግድግዳው ሲፈርስ የመሳቢያው ሥራ በሦስት እጥፍ ተኩል አደገ ማለት ነው። ለዝግ ኪችን ተብሎ የተገዛው መሳቢያ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

በቪላ የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት መንገድ በእጁ ነው። ሰርቪስ ቤቱን አያፍርስ። እንዲያውም የእድሳቱን የመጀመሪያ ገንዘብ እዚያ ላይ ያውል። ንጹህ ወለል፣ ሴራሚክ ግድግዳ፣ ጥሩ መስኮት፣ ጭስ ማውጫና ማጠቢያ ይግባለት። ምጣዱ፣ ቁሌቱና ቅቤ ማንጠሩ እዚያ ይቀራል፤ የውስጡ ክፍት ኪችን ማሞቂያ፣ ማቅረቢያ፣ ሻይና ቡና ማፍያ፣ ሰላጣና ቀላል ምግብ ማዘጋጃ ይሆናል። ሰርቪሱን ለተጨማሪ ኪራይ ብሎ የለወጠና የውስጡን ኪችን የከፈተ ሰው ሁለቱንም አብሮ ሊያጣ ይችላል።

በፎቅ ቤት ሰርቪስ የለም። እዚያ የሚያዋጣው ግማሽ መክፈት ነው። ግድግዳውን እስከ ወገብ ዝቅ አድርጎ ማቀበያ ጠረጴዛ ማውጣት፣ ወይም ሙሉውን አፍርሶ በተንሸራታች መስተዋት መተካት ይቻላል። ወጥ ሲሠራ ይዘጋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ብርሃኑ ያልፋል፣ ሽታው ይቀራል።

ምጣድና ብሬከር

አብዛኛው የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። አንድ ተራ የሶኬት መስመር ሊሸከም የሚገባውን ብቻውን ይጨርሰዋል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ ሲጨመር 9 አምፔር ይደመራል፤ ምድጃውም ሲበራ እንዲሁ። በአሮጌ ቤት ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ሶኬቱ ይጠቁራል፤ ብሬከሩ ይወድቃል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወደቀ ብሎ በትልቅ ብሬከር መተካት ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። ብሬከሩ ሽቦውን የሚጠብቅ እንጂ ሥራ የሚያደናቅፍ ጠላት አይደለም።

ስለዚህ ለምጣዱ የራሱ መስመር ከነብሬከሩ፣ ለምድጃው የራሱ፣ ለማቀዝቀዣው የራሱ እንዲዘረጋ ከልስን በፊት መታሰብ አለበት። ለምጣዱ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ይመረጣል። ቆጣሪው ይህን ሁሉ የማይችል ከሆነ የአቅም ማሳደጊያ ጥያቄው ካቢኔቱ ከመታዘዙ በፊት ይቅረብ።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ጋዝ የሚያስገባ ሰውም አንድ ነገር ይወቅ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ወለል ይወርዳል እንጂ ወደ ጣራ አይወጣም። ግድግዳ በሌለው ቤት ደግሞ እስከ ሳሎን ድረስ ይዘረጋል። ሲሊንደሩ አየር በሚያገኝ የውጭ ቦታ ቢቀመጥና ከወለል አጠገብ አየር ማስወጫ ቢኖር ይመረጣል።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

በክፍት ኪችን ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ መሀል ላይ የሚቆመው ጠረጴዛ ካቢኔት፣ በተለምዶ አይላንድ የሚባለው ነው። ማጠቢያው እሱ ላይ እንዲሆን የሚፈልግ ብዙ ነው። ነገር ግን ፍሳሽ ያለ ተዳፋት አይሄድም። በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ቢታሰብ፣ አይላንዱ ከዋናው ቱቦ 3 ሜትር ከራቀ 6 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይኖርበታል፤ የቱቦው ውፍረት ሳይታሰብ ማለት ነው። በምድር ቤት ወለሉ ተቆፍሮ ይሠራል። በፎቅ ግን ሶሌታ መቆፈር አይቻልም። ያለው ምርጫ ወለሉን ከፍ ማድረግ ወይም ማጠቢያውን ግድግዳው ዘንድ መተው ነው። ሁለተኛው ይቀላል፤ አይላንዱም ደረቅ ጠረጴዛ ሆኖ ለእንግዳ የበለጠ ይመቻል።

ቅባትም አለ። የወጥ ድስት እጣቢ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ከማጠቢያው ሥር ቅባት መያዣ ያላስገባ ሰው በዓመቱ ቱቦ ጠራጊ ይጠራል፤ ያኔ የሚፈርሰው አዲሱ ሴራሚክ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የታንከሩ ቦታና ከፍታ ከኪችኑ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። የሚያምር ቧንቧ ውሃ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው።

ድንጋይና እንጨት

የአገር ውስጥ እብነ በረድ ያምራል፤ ለወለልና ለደረጃ የታወቀ ነው። ለኪችን ጠረጴዛ ግን ጠላቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ ወጥ ውስጥ አሉ። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም አሲድ ስላላቸው ፊቱን ይበላሉ፤ እርድና የበርበሬ ቅባት ደግሞ ገብተው ይቀራሉ። ግራናይት ከዚህ ይሻላል፤ ጠንካራ ነው፣ ለአሲድም አይበገርም። እብነ በረዱን የወደደ ሰው ለግድግዳና ለማቀበያ ጠረጴዛ ያድርገው።

ለካቢኔት ገበያውን የያዘው ኤምዲኤፍ ነው። ዋናው ድክመቱ ውሃ ነው። ጠርዙ በደንብ ካልተለበጠ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ከማጠቢያው ሥር ለሚሆነው ክፍል እርጥበት የሚችለውን፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ የሆነውን ዓይነት መጠየቅ ያስፈልጋል። በብሎኬት ተገንብቶ ሴራሚክ የለበሰና የአሉሚኒየም በር የተገጠመለት የታችኛው ካቢኔትም ዕድሜው ረጅም ነው፤ ፋሽን ባይመስልም ውሃ አይፈራም። የወጣውን አሮጌ በር፣ ሲንክና ቆርቆሮ ፍርስራሽ ብሎ መጣል አይገባም፤ ምናለሽ ተራ ገዢ አለው።

ዋጋን በተመለከተ፣ የኪችን ዕቃ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የምንዛሬው ነገር ወሳኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በዚያ ሰሞን ግማሽ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት መሳቢያውን፣ ሲንኩን፣ ቧንቧውን፣ መጋጠሚያውንና ድንጋዩን ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብም ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ ይታይ። ከባለሙያ ጋር የእጅ ዋጋ ብቻ የሚዋዋል ሰው ክፍያውን በሥራ ደረጃ ይከፋፍል፤ የመጨረሻው ድርሻ ውሃው ፈስሶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ መሳቢያው ሠርቶ ከታየ በኋላ የሚከፈል ይሁን።

የብሩ ሒሳብ

ለመኖሪያ የሚያድስ ሰው ትርፉን በምቾት ይለካል። ለኪራይ የሚያድስ ግን በወር ይለካል። ለስሌት ያህል ሙሉ እድሳቱ 900 ሺ ብር ይፍጅ፤ በወር 40 ሺ ብር የነበረው ኪራይም በ10 ሺ ብር ይጨምር እንበል። ወጪው በ90 ወራት ይመለሳል። ቤቱ ለሥራው 2 ወር ባዶ ከቆመ የ80 ሺ ብር ኪራይ ስለሚታጣ መመለሻው 98 ወራት፣ ማለትም 8 ዓመት ከ2 ወር ይሆናል። በአንጻሩ ግማሽ መክፈቱ 350 ሺ ብር ቢፈጅ፣ ቤቱ ግማሽ ወር ብቻ ባዶ ቢቆምና ኪራዩ በ7 ሺ ብር ቢጨምር፣ 370 ሺ ብሩ በ53 ወራት፣ 4 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ውስጥ ይመለሳል። የኪራይ ገቢ ግብር ሲቀነስ ሁለቱም ይረዝማሉ። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ቁጥር ያስገባ፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

አከራይ ሊረሳው የማይገባ ሌላ ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ደንግጓል። ተከራይ ተቀምጦበት የሚታደስ ቤት ስለዚህ ባለቤቱ በፈለገው ልክ ኪራይ አያስጨምርም። ለኪራይ ብሎ የሚያድስ ሰው ውሉ የሚያልቅበትን ጊዜና የአዋጁን ድንጋጌ አይቶ ሥራውን ይጀምር።

ለሽያጭ የሚያድስ ሰው ደግሞ ገዢው ማን እንደሆነ ይወቅ። ትልቅ ቤተሰብ ያለውና በዓል በቤቱ የሚያከብር ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሰርቪሱን ነው። አብዛኛውን ምግቡን ከውጭ የሚበላ ወጣት ባልና ሚስት ሳሎኑን ያያሉ። ለሁለተኛው ተብሎ የመጀመሪያውን ማባረር የገዢውን ቁጥር መቀነስ ነው።

ለእንግዳ እንዲመች

ክፍቱ ኪችን ለግብዣ ከሆነ ልኩም ለግብዣ ይሁን። የሥራ ጠረጴዛው ቁመት 90 ሴንቲ ሜትር፣ እንግዳ በረጅም ወንበር የሚቀመጥበት ማቀበያ ከ105 እስከ 110 ቢሆን ይመቻል። በካቢኔቱና በአይላንዱ መካከል ትሪ የያዘ ሰው እንዲያልፍ 1 ሜትር ከ20 ቢተው ጥሩ ነው። ማጠቢያው፣ ምድጃውና ማቀዝቀዣው በቅርብ ርቀት ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ የእንግዳው መተላለፊያ ግን በዚህ ሦስት ማዕዘን መሀል አይለፍ። እጅ መታጠቢያ ከምግብ ማጠቢያው ተለይቶ ሳሎኑ አጠገብ ቢኖር እንጀራ ለሚበላ ቤት ከጌጥ ሁሉ ይበልጣል። ለረከቦቱና ለቄጤማውም የታሰበ ቦታ ይኑር፤ ቡና የሚፈላው መስኮት አጠገብ ከሆነ የመቁያው ጭስ ኮርኒሱን አያጠቁርም።

የቤት ሠራተኛዋም ነገር አለ። በዝግ ጓዳ ውስጥ ደክሟት የምታርፍበት፣ ቁርሷን የምትቀምስበት ጥግ ነበራት። ግድግዳው ሲነሳ ቀኑን ሙሉ በእንግዳና በባለቤት ዓይን ሥር ትውላለች። ንጹህ ሰርቪስ ወይም በር ያላት ትንሽ ዕቃ ቤት ማስቀረት ለእሷም የሥራ ቦታዋን ማስከበር ነው። ዕቃ ያልታጠበበት ድስትም የሚሰወረው እዚያው ነው።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ ሥራውን የሚያስብ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል። መጀመሪያ ምጣዱና ቁሌቱ የሚሆኑበትን ቦታ ይወስን። ቀጥሎ መሐንዲስ ግድግዳውን ይይለት፤ ፈቃዱንም ይያዝ። ከዚያ ጭስ ማውጫውን፣ የመብራት መስመሩንና ፍሳሹን በወረቀት ያስነድፍ። ዕቃውን ገዝቶ ያስቀምጥ። መዶሻው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካቢኔቱና ግራናይቱ መጨረሻ ይሁኑ፤ ገንዘብ ካጠረም የሚቀነሰው ከነሱ ላይ ነው። ርካሽ ካቢኔት ከ5 ዓመት በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ ሴራሚክ ሥር የተቀበረ የተሳሳተ ቱቦ ግን እንደ ካቢኔት በቀላሉ አይለወጥም።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለወጥ ነው። ክፍት ኪችን ለሚያስብም ይሠራል፤ ምጥኑ ግድግዳው ሳይፈርስ ይለካል።